ያልጠፋው ሉፕ

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 3 ቀን 2015 የድረ ገጽ መሥሪያው ቋንቋ ፒኤችፒ 7.0 ሲወጣ፣ ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኙና ስማቸው «ማይኤስኪውኤል» ብሎ የሚጀምር በርካታ ፈንክሽኖች ከቋንቋው ተነቀሉ። ነገሩ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ፒኤችፒ 5.5 በ2013 ሲወጣ «እነዚህ ሊቀሩ ነው፣ ተዘጋጁ» የሚል ማስጠንቀቂያ አብሮ ወጥቷል። ተተኪዎቻቸው ማይኤስኪውኤልአይ እና ፒዲኦም ከ2004 እና ከ2005 ጀምሮ በእጅ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያም ሆኖ ሰርቨሩ ወደ አዲሱ ፒኤችፒ በተሸጋገረ ዕለት፣ በአሮጌዎቹ ፈንክሽኖች የተጻፈ ድረ ገጽ ስሕተት ወይም ባዶ ነጭ ገጽ ከማሳየት ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ያ ቀን የአንድ የአሠራር ዘመን ማብቂያ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን የተነቀለው ስሙ ብቻ ነው ባይ ነኝ። ዳታቤዝን ጠይቆ፣ የመጣውን መልስ ረድፍ በረድፍ እየዞሩ ገጽ ላይ የማውጣቱ ሥራ ዛሬም በየድረ ገጹ ሆድ ውስጥ አለ። የተለወጠው ፕሮግራመሩ ሉፑን በዓይኑ ማየት አለማየቱ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የመጡት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ሥራውን እያቀለሉ ሉፑንም እየሰወሩ ሄደዋል። ሉፑ ሲሰወር ደግሞ ወጪው አብሮት ተሰወረ። ብዙ ገጾች ለምን እንደሚያዘግሙ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው ይህንን ነው።

አሮጌው ሉፕ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው መስመር ኩዌሪው፣ ማለትም በኤስኪውኤል የተጻፈው ጥያቄ፣ ወደ ዳታቤዙ ይላካል። ቀጥሎ «ዋይል» ይመጣል። በዋይሉ ቅንፍ ውስጥ «ፌች አሬይ» የሚባለው ፈንክሽን ይጠራል፤ የሰጠው ነገር «ሮው» በተባለ ቫሪያብል ላይ ይቀመጣል። ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር አንድ ረድፍ ያቀብልና ጠቋሚውን ወደሚቀጥለው ረድፍ ያሻግራል። ረድፍ ሲያልቅ «ፎልስ» ይመልሳል፣ ዋይሉም ይቆማል። በመካከል ያለው ኮድ ሥራው ማተም ብቻ ነው፤ የዜናው ርእስ፣ ቀኑ፣ ጸሐፊው። ጀማሪን የሚያደናግረው በዋይሉ ቅንፍ ውስጥ ያለው ነጠላ የእኩል ምልክት ነበር። «እኩል ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል እንጂ ትእዛዙ «አስቀምጥ» ነው። ማስቀመጡና ማለቁን መፈተሹ በአንድ መስመር ስለተፈጸመ ስንት ረድፍ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም ነበር። ፌች አሬይ በዲፎልት እያንዳንዱን ዓምድ ሁለት ጊዜ ይሰጥ እንደነበር፣ አንዴ በተራ ቁጥሩ አንዴም በስሙ፣ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው።

ራስመስ ለርዶርፍ ፒኤችፒን ለሕዝብ ያወጣው በ1995 ነው። ማይኤስኪውኤልም በዚያው ዓመት ስዊድን ውስጥ ተወለደ። ሁለቱ ከሊኑክስና ከአፓቼ ጋር ተጣምረው በርካሽ የኪራይ ሰርቨር ላይ መሥራት ሲጀምሩ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ያልተማረ ሰው እንኳ የራሱን የዜና ገጽ ማቆም ቻለ። በሩን የከፈቱት ከምንም በላይ እነዚያ ጥቂት መስመሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ። መጠየቁ፣ መዞሩና ማሳየቱ አንድ ፋይል ላይ ተቀምጠው የገጹን ጉዞ ከላይ እስከ ታች አንብቦ መረዳት ይቻል ነበር። ይህ ግልጽነት ዛሬ ሲተች እንጂ ሲመሰገን አይሰማም። ምስጋና ግን ይገባዋል።

ጉዳቱም ቀላል አልነበረም። የተጠቃሚው ጽሑፍ በቀጥታ ከኩዌሪው ጋር ስለሚቀጠል፣ በስም መሙያ ሳጥን ውስጥ አንዲት የጥቅስ ምልክት ያስገባ ሰው የጥያቄውን ትርጉም ሊለውጠው ይችላል። መድኃኒቱ የኩዌሪው ቅርጽ አስቀድሞ ተልኮ እሴቱ ለብቻው የሚከተልበት ዘዴ ነው። አሮጌዎቹ ፈንክሽኖች ያሉበት ኤክስቴንሽን ይህን ዘዴ አያውቅም፤ ከተነቀለባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። መነቀሉ ተገቢ እንደነበር አልከራከርም።

ሌላው ጉዳት ዝምታው ነበር። በኩዌሪው ውስጥ የአንድ ዓምድ ስም ቢሳሳት ፈንክሽኑ ፎልስ ይመልስና ኮዱ ይቀጥላል። ሉፑ ያንን ፎልስ እንደ ውጤት ይዞ ረድፍ ሊያወጣበት ሲሞክር «የተሰጠኝ ሪሶርስ ሳይሆን ቡሊያን ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። በዚያ ዘመን ፒኤችፒ የተማረ ሰው ይህን መልእክት በቃሉ ያውቀዋል። ስሕተቱ ያለው ከበላይ፣ ኩዌሪው ላይ ነው። መልእክቱ የሚጠቁመው ግን የሉፑን መስመር ስለሆነ ጀማሪው እሱን ሲያገላብጥ ይውላል። ማስጠንቀቂያ የማያሳይ ሰርቨር ላይ ደግሞ ይብሳል። ገጹ በሰላም ይከፈታል፤ ዝርዝሩ ብቻ ባዶ ነው። መረጃ አለመኖሩና ኩዌሪው መክሸፉ ለተመልካች አንድ ሆነው ይታያሉ። ይህ የተስተካከለው በጣም ዘግይቶ ነው። ፒዲኦ በ2020 በወጣው ፒኤችፒ 8.0፣ ማይኤስኪውኤልአይ ደግሞ በ2021 በወጣው 8.1 ላይ ስሕተት ሲገጥማቸው በዲፎልት ኤክሴፕሽን እንዲወረውሩ ተደረገ። ብዙ አልተወራለትም እንጂ በእኔ ሚዛን ከ2015ቱ ስረዛ የሚያንስ እርምጃ አይደለም።

ኮዱን ላነበበ ሰው ረድፎቹ ከዳታቤዙ አንድ በአንድ እየተጠሩ የሚመጡ ይመስላል። በዲፎልት አሠራር ግን እንደዚያ አይደለም። ኩዌሪው ተልኮ ሲመለስ ውጤቱ በሙሉ፣ መቶም ይሁን መቶ ሺህ ረድፍ፣ ወደ ፒኤችፒው በኩል ተጓጉዞ ሚሞሪ ላይ ይከማቻል። ዋይሉ የሚዞረው በተከማቸው ላይ ነው። ከኩዌሪው በኋላ ከሉፑ ውስጥ «በቃኝ» ብሎ በአሥረኛው ረድፍ ላይ መውጣት ጉዞውን አያስቀርም፤ ዕቃው ቀድሞ ደርሷል። ፒኤችፒን ከማይኤስኪውኤል ጋር ያገናኝ በነበረው በአሮጌው የሲ ላይብረሪ ጊዜ ይህ ክምችት ፒኤችፒ ከሚቆጥረው ሚሞሪ ውጪ ስለሚቀመጥ አይታይም ነበር። በ2009 ከፒኤችፒ 5.3 ጋር የመጣው ማይኤስኪውኤልኤንዲ የተባለው ድራይቨር ግን ክምችቱን እዚያው ሒሳብ ውስጥ አስገባው። የሚሞሪው ጣሪያ በዲፎልት 128 ሜጋባይት ነው። ኮዱ ሳይነካ ድራይቨሩ በተለወጠ ጊዜ ትልልቅ ሪፖርቶች «ሚሞሪ አለቀ» ብለው ሊወድቁ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ረድፎቹን በእርግጥ አንድ በአንድ ማስመጣትም ይቻላል። ውጤቱ ሳይከማች እንዲፈስ መጠየቅ ነው። የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ አለ፤ ያ ውጤት ተነቦ እስኪያልቅ በዚያው ግንኙነት ሌላ ኩዌሪ መላክ አይቻልም። አንድ ረድፍ አንብቦ፣ ስለዚያው ረድፍ ሌላ ነገር ለመጠየቅ የሞከረ ሉፕ እዚያው ላይ ይከሽፋል። በ2013 የመጣው የፒኤችፒ ጄኔሬተር ረድፎችን በስስት፣ አንድ በአንድ የማቀበል ውብ አጻጻፍ አመጣ። ላራቬል የተባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክም በዚያ ላይ «ከርሰር» የሚባል ዘዴ ሠራ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሞዴል ብቻ ሚሞሪ ላይ ይይዛል። ነገር ግን ከሥር ያለው ፒዲኦ ጥሬውን ውጤት በሙሉ ማከማቸቱን አልተወም። የላራቬል መመሪያ ራሱ በጣም ብዙ ረድፍ ከመጣ ከርሰሩም በመጨረሻ ሚሞሪ መጨረሱ እንደማይቀር ያስጠነቅቃል። ከላይ ሲያዩት አንድ በአንድ፣ ከሥር ሲያዩት በጅምላ ማለት ነው። ያንን የመመሪያ አንቀጽ ያላነበበ ፕሮግራመር በኮዱ አጻጻፍ ተማምኖ ቢተኛ አይፈረድበትም።

ከሁሉ የከፋው የመሰወር ዓይነት ግን ሌላ ነው፤ ባለሙያዎቹ «ኤን ሲደመር አንድ» ይሉታል።

አንድ ገጽ 50 ዜናዎችን ከነጸሐፊዎቻቸው ስም ይዘረዝራል እንበል። ዜናው በአንድ ቴብል፣ ጸሐፊው በሌላ ቴብል ነው። የመጀመሪያው ኩዌሪ 50ውን ዜና ያመጣል። ከዚያ ሉፑ በየዜናው ላይ ሲደርስ የዚያን ዜና ጸሐፊ ለብቻው ይጠይቃል። አንድና ሃምሳ፣ በድምሩ 51 ኩዌሪ። ሽንኩርቱን፣ በርበሬውንና ዘይቱን ለየብቻ እየተመላለሱ ከሱቅ እንደመግዛት ነው፤ ድካሙ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ዳታቤዙ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ካለና እያንዳንዱ ምልልስ አንድ ሚሊሰከንድ ከፈጀ ጠቅላላው 51 ሚሊሰከንድ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ዳታቤዙ ርቆ ሲቀመጥ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። መተግበሪያው አዲስ አበባ፣ ዳታቤዙ ፍራንክፈርት ቢሆን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የአንድ ምልልስ ጊዜ በምንም ተአምር ከ50 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ኬብሉ በጅቡቲ ወይም በኬንያ ዞሮ ባሕር ስለሚያቋርጥ በተግባር ከዚያም ይረዝማል። በትንሹ እንኳ 51 ጊዜ 50 ከሁለት ሰከንድ ተኩል ያልፋል። ይህን የትኛውም ፈጣን ሰርቨር አያካክሰውም፤ የሚያካክሰው የምልልሱን ቁጥር መቀነስ ብቻ ነው።

በአሮጌው ኮድ ይህ ጥፋት ፊት ለፊት ይታይ ነበር። በዋይሉ ውስጥ ሌላ ኩዌሪና ሌላ ዋይል ተጽፎ ይገኛል፤ ኮዱን የሚገመግም ሰው ጣቱን አስቀምጦ «ይህ ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የዳታቤዝ ረድፎችን እንደ ተራ የኮድ ቫሪያብሎች የሚያቀርቡት ኦአርኤም የሚባሉት መሣሪያዎችና እነሱን ያቀፉ ፍሬምወርኮች፣ ሂበርኔት በ2001፣ ሩቢ ኦን ሬይልስ በ2004፣ ጃንጎ በ2005፣ ላራቬል በ2011፣ ተራ በተራ ሲመጡ የውስጠኛው ኩዌሪ ጽሑፍ ጠፋ። ዛሬ የሚጻፈው «የዜናው ጸሐፊ ስም» ብቻ ነው፤ ቫሪያብል የማንበብ ያህል የዋህ መስሎ ይታያል። ከጀርባ ግን ያ ንባብ ወደ ዳታቤዝ ይሮጣል። የገጹን መልክ የሚያሳምረው ባልደረባ ቴምፕሌቱን ከፍቶ ከስሙ አጠገብ የጸሐፊውን የሥራ ክፍል እንዲያወጣ አንድ ቃል ቢጨምር፣ ክፍሉም በሌላ ቴብል ከሆነ፣ አንድም ኩዌሪ ሳይጽፍ 50 ኩዌሪ ጨመረ። ኤስኪውኤል የማያውቅ ሰው ዳታቤዙን ሊያጨናንቅ የቻለው በዚህ ዘመን ነው። ወቀሳው ግን የእሱ አይደለም፤ የጻፈው ነገር ምን እንደሚያስከትል የነገረው የለም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ሁለቱን ቴብሎች በ«ጆይን» አገናኝቶ በአንድ ኩዌሪ ማምጣት፣ አለዚያም ዜናዎቹን አምጥቶ የጸሐፊዎቹን መለያ ቁጥሮች ሰብስቦ በሁለተኛ ኩዌሪ በአንድነት መጠየቅ ነው። 51 የነበረው አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። ጃንጎ «ሰሌክት ሪሌትድ» እና «ፕሪፌች ሪሌትድ»፣ ሬይልስ «ኢንክሉድስ»፣ ላራቬል «ዊዝ» ብለው ለዚሁ መላ አላቸው። ጆይንን ግን በጭፍን መውደድም አደጋ አለው። አንድ ዜና 10 አስተያየትና 5 መለያ ቃላት ቢኖሩት፣ ሁለቱንም በአንድ ኩዌሪ ጆይን ያደረገ ሰው 15 ሳይሆን 50 ረድፍ ይመጣለታል፤ የዜናው ሙሉ ጽሑፍ በየረድፉ ተደግሞ። እንዲህ ባለ ቦታ ሁለት ሦስት አጫጭር ኩዌሪዎች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ።

የሚያስደስተው፣ መሣሪያ ሠሪዎቹ ራሳቸው የሰወሩትን መልሰው መግለጥ ጀምረዋል። ሬይልስ በ2020 ማብቂያ በወጣው 6.1፣ ላራቬልም በ2021፣ በሉፕ ውስጥ ሳይጠበቅ የሚደረግን ኩዌሪ በስሕተት የማስቆም ችሎታ አመጡ። ችግሩ ፕሮግራመሩ አውቆ ካላበራው አለመሥራቱ ነው። በእኔ እምነት ኮድ በሚጻፍበት ኮምፒውተር ላይ ከመጀመሪያው በርቶ መምጣት አለበት። ገጹ እዚያው ቢከሽፍበት ይሻላል፤ ሺህ ሰው በሚከፍተው ሰርቨር ላይ ሲያቃስት ከመስማት።

ከኤን ሲደመር አንድ ጋር የሚዛመድ ሌላ ልማድ አለ፤ ዳታቤዙ ሊሠራው የሚገባውን በሉፕ መሥራት። የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ በ1970 የሪሌሽናል ዳታቤዝን መሠረት ሲጥል፣ መረጃን እንደ ስብስብ አስቦ በአንድ ጥያቄ ስለ ስብስቡ መናገር እንዲቻል ነበር። የአንድ ሱቅ የወር ሽያጭ ድምር ሲፈለግ 40,000 ረድፍ አስመጥቶ፣ በዋይል እየዞሩ ዋጋውን መደመር ያን ሁሉ ሐሳብ መጣል ነው። ዳታቤዙ «ሰም» በሚለው አንድ ቃል ደምሮ አንድ ቁጥር ይልካል። ስንት ተመዝጋቢ እንዳለ ለማወቅ ሁሉንም ተመዝጋቢ አስጭኖ የሚቆጥር ኮድ ዛሬም በብዛት ይጻፋል። በኦአርኤም ዘመን ደግሞ «ሁሉንም አምጣ» የምትለው ትእዛዝ «ቁጠር» ከምትለው በላይ ለእጅ የቀረበች ስለሆነች ነገሩ ባሰ።

ለአማርኛ ጸሐፊ ሉፑ አንድ ተጨማሪ መከራ ነበረው። ረድፉ በትክክል መጥቶ፣ ዓምዱ በትክክል ተነቦ፣ ገጹ ላይ የሚወጣው የጥያቄ ምልክት ድርድር ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል፤ በዩቲኤፍ8 እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ማይኤስኪውኤል ግን እስከ 2018ቱ 8.0 ድረስ ዲፎልቱ የግእዝን ፊደል የማያውቀው «ላቲን1» ነበር። ስለዚህ ፊደሉ በሦስት በሮች ያልፋል፤ በቴብሉ፣ በግንኙነቱና በገጹ። አንዱ በር ላቲን1 ከሆነ ይሰበራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይለየው ነገር አለ። ቴብሉ በዩቲኤፍ8 ሆኖ ግንኙነቱ ብቻ ላቲን1 ከሆነ፣ የጥያቄ ምልክቱ የሚፈጠረው ሲወጣ ነው። ውስጥ ያለው ጽሑፍ ደህና ነው፣ የግንኙነቱን ኮድ ማስተካከል ይበቃል። ቴብሉ ራሱ ላቲን1 ሆኖ ግንኙነቱ ዩቲኤፍ8 ከሆነ ግን የጥያቄ ምልክቱ የተጻፈው ሲገባ ነው፤ ያ ጽሑፍ ላይመለስ ጠፍቷል። ሦስተኛው ዓይነት ምልክት የበዛበት የላቲን ዝባዝንኬ ነው። ሲያዩት ከሁሉ የከፋ ይመስላል፤ ነገር ግን ባይቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጎድሉ ስላሉ በጥንቃቄ ሊመለስ ይችላል። ከመደናገጥና ቴብሉን ከመሰረዝ በፊት የትኛው በር እንደሰበረው ማየት የሰዎችን ጽሑፍ ያድናል።

ማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» ያለውም ለረጅም ጊዜ ሙሉው አልነበረም፤ ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። አራት ባይት የሚችለው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» በ2010 በ5.5.3 መጣ። ለአማርኛ ሦስት ባይት ስለሚበቃ ብዙዎች ልዩነቱ አያገባንም ብለው አልፈውታል። ሆኖም በ2021 ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ ተጨማሪ የግእዝ ፊደላትን ሲያስገባ፣ የተቀመጡበት ቦታ አራት ባይት የሚጠይቅ ነው። በአሮጌው ዩቲኤፍ8 ላይ የቆመ የአገር ቤት ድረ ገጽ አማርኛውን አሳምሮ እያሳየ የጉራጊኛ ስም ሲመዘገብበት ይቆርጠዋል ወይም አልቀበልም ይላል። የሰው ስም ነው፤ ቴብልን ወደ ኤምቢ4 የማሸጋገር ሥራ ለነገ መባል የለበትም።

ወደ ተሰወረው ወጪ ስንመለስ፣ ረጅም ዝርዝርን በገጽ ስለ መከፋፈል በአጭሩ፦ «10,000 ዝለልና 20 ስጠኝ» የምትል ኩዌሪ ዳታቤዙን 10,020 ረድፍ አስነብባ 10,000ውን ታስጥለዋለች። በምትኩ መጨረሻ የታየውን ረድፍ መለያ ይዞ «ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን 20» ማለት፣ መለያው ኢንዴክስ ካለው፣ በሺኛው ገጽ ላይም እንደ መጀመሪያው ይፈጥናል።

ይህ ሁሉ ለጀማሪ እንዴት ይነገር? ለሚያስተምሩ ሁሉ አንድ ነገር እለምናለሁ። ተማሪው የመጀመሪያውን ሉፕ በጻፈበት ቀን የማይኤስኪውኤል ጄኔራል ሎግ አብሮ ይከፈትለት። ሎጉ ለሙከራ ኮምፒውተር እንጂ ለሥራ ሰርቨር አይመከርም፤ እያንዳንዱን ኩዌሪ ስለሚጽፍ ዲስክ ይሞላል። ተማሪው ገጹን አንዴ ይክፈትና ሎጉን ያንብብ። አንድ ዓይነት ኩዌሪ፣ የመለያ ቁጥሩ ብቻ እየተለወጠ፣ 50 ጊዜ ከተደረደረ ውስጠኛውን ሉፕ አገኘው። ከዚያ ወደ ኮዱ ተመልሶ «ዊዝ» ወይም ጆይን ይጨምር፣ ገጹን እንደገና ይክፈት፣ ሎጉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ኩዌሪ ብቻ መቅረቱን ይቁጠር። የሚያስተምሩት ፍሬምወርክ የትኛውም ቢሆን ይህ ልምምድ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይበልጥም።